መኪናዬን ዝቅ ላድርግ ብዬ

ዘመኑ ሁለት ሺህ አስራ አንድ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰባ አንድ ዓመቴ። በዚህ ዕድሜ ሰው ስለ ነፍሱ ያስባል። እኔ ስለ ሞላ አስብ ነበር። ሞላ የምለው መኪና ከጎማዋ በላይ ተንተርሳው የምትሄደውን፣ እንደ እባብ የተጠቀለለውን ብረት ነው። ሹምም ሆነ ደሃ፣ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ የተቀመጠው በዚያ ብረት ላይ ነው። ብረቱ ከከፋበት ሹመቱ ለወገቡ አይደርስለትም።

እኔ የመኪና ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስሁት ጣና ላይ ነው፤ ከባሕር ዳር ደልጊ እህልና ሰው በምታመላልስ ጀልባ ላይ መጀመሪያ ገመድ ጎታች፣ ኋላ መሪ ያዥ ሆኜ። ፊደል ቆጥሬ ንባቡን ሳልጨርስ ነው ወደ ውኃው የሄድሁት። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ያስተማረኝ ሰው እስከ ዛሬ ስነዳ ሲያየኝ ዳር ይይዛል።

ኮሮላ መኪናዬን የገዛኋት ከአንድ የደልጊ እህል ነጋዴ ነው። ያ ሰው የሚመላለስበት መንገድ ድንጋይ ብቻ ስለነበረ ወፍራም ሞላ አስገብቶ አስረዝሟታል። ከሩቅ ስትታይ ቀሚሷን ሰብስባ ወንዝ የምትሻገር ሴት ትመስላለች። የወደድኋትም በዚያው ነው። ድንጋይ አትፈራም፣ ጉድጓድ አትፈራም፣ በክረምት ጎርፉን መሃል ለመሃል ሰንጥቃ ታልፋለች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጀልባ ከውኃው በላይ ከፍ ብላ ከታየች ባዶ ናት፣ ነፋስ ይጫወትባታል። ይኼን ዕድሜዬን ሙሉ አውቄ ኖሬ መኪና ሲሆን ጊዜ ረሳሁት። ሰው ከውኃ ሲወጣ ዕውቀቱንም እዚያው ይተወዋል መሰለኝ። ነጋዴው መኪናዋን ሲያስረክበኝ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አንድ ጆንያ ብረታ ብረት ትቶልኝ ነበር። «የራሷ ዕቃ ነው፣ ቤት ይቀመጥ» አለኝ። ጆንያውን ለሚስቴ ሰጠሁና እኔ መኪናዬን ወደ ማጠቡ ሄድሁ።

ሚስቴ ወርቅነሽ ትባላለች። ደስ ሲለኝ ወርቄ እላታለሁ፣ ሲከፋኝ አንቺ ሴት እላታለሁ። እሷ ደስ ሲላትም ሲከፋትም አንተ ሰውዬ ነው የምትለኝ፤ የትኛው እንደሆነ በድምፅዋ መለየት የኔ ፈንታ ነው።

ያን ዓመት ጉልበቷ ከዳት። ደረጃ መውጣት ተራራ ሆነባት። የኔ ኮሮላ ደግሞ ለሚሳፈርባት ሰው ከደረጃም ትብሳለች። «በቅሎ እንኳ እርካብ አላት» ትለኝ ነበር። እኔም ብልህ ነኝና አንድ ባለሦስት እግር በርጩማ አዘጋጀሁላት። ስትገባ በሩ ሥር አስቀምጥላታለሁ፣ ትወጣበታለች፤ ስትወርድ ፈጥኜ ዞሬ አስቀምጥላታለሁ፣ ትወርድበታለች። እኔ እርካብ ያዥ ሎሌ ሆንሁ ማለት ነው። ያም ቢሆን አልጠላሁትም ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ በርጩማውን አስቀመጥሁላት። የባጃጅ ልጆች ተራ ይዘው ቆመዋል። ወርቄ በርጩማው ላይ ወጥታ፣ አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ፣ አንድ እጇን በሩ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ስትሰበስብ አንዱ፦

«እማማ፣ መድረክ ላይ ወጥተው ዝም ይላሉ እንዴ? ንግግር ያድርጉልን እንጂ» አለ።

ጓደኞቹ አጨበጨቡ። ወርቄ ፊቷን ከልጆቹ አዞረች። ገባች፣ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። ቤት ስንደርስ ብቻ፣ «ከእንግዲህ መድረክ አልወጣም» አለች። አለች ማለት አለች ነው።

በባጃጅ ሞከረች። ባጃጅ ዝቅ ያለ ነው፣ መግባቱ አላስቸገራትም፤ መንገጫገጩ ግን ወገቧን ገደላት። ስለዚህ ቤት መዋል ጀመረች። ገበያውን ተወች፣ ልቅሶውን ተወች፤ መጨረሻ ላይ ማኅበሯን ተወች። እኔን ያስደነገጠኝ ይኼኛው ነው።

የወርቄን ማኅበር ያቋቋሙት በልጅነታቸው አንድ ሰፈር የነበሩ ሴቶች ናቸው። አሁን አንዷ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ፔዳ ናት፣ አንዷ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰባታሚት፣ ሌላዋ ገበያው ዘንድ። በየወሩ ከአንዷ ቤት ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ማብቂያው ላይ የደገሰችው ሴት እስከ አፉ የተሞላ ጽዋ ለተረኛዋ ታስረክባለች። ተረኛዋም በገዛ እጇ ተቀብላ፣ ጠብ ሳታደርግ፣ ቤቷ ታደርሳለች። ጽዋው ከቤት ገባ ማለት የሚቀጥለው ድግስ እዚያ ቤት ነው ማለት ነው። በወኪል አይወሰድም። ማኅበርተኞቹ ብዙ ስለሆኑ አንዴ ተራዋን ያለፈች ሴት እንደገና እስኪደርሳት ታረጃለች፤ ያረጀችማ ምን እንደምትሆን እግዜር ያውቃል።

የወርቄ ተራ ሰባታሚት ከሚደገሰው ማኅበር ላይ ነበር። እሷ ደግሞ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ቀርታለች። ይኼን ጊዜ ወይዘሮ ጥሩዬ መልእክት ላከች። ወይዘሮ ጥሩዬ የማኅበሩ አባል ናት፤ ደግ ሴት ናት፣ ደግነቷ ግን ሁልጊዜ ሰው ከሚያመው ቦታ ላይ ነው የሚያርፍ። «ጉልበቷ ከከዳት አትቸገር፤ ተራዋን ለኔ ትተውና ጽዋውን እኔ ልቀበል» ብላ ነው የላከችው።

ወርቄ ያን ዕለት እራት አልበላችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና፦

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ የአንተ ሰማይ ጠቀስ ዝቅ ይላል ወይስ አይልም?»

«ይላል።»

«ዝቅ ሲል ደግሞ እንዳያንገጫግጨኝ። የምይዘው ጽዋ ነው፣ ጆንያ አይደለም።»

«አያንገጫግጭሽም።»

ሁለቱን አንድ ላይ ቃል የገባሁት ስለማላውቅ ነው። የሚያውቅ ሰው አንዱን ብቻ ነበር ቃል የሚገባ።

መጀመሪያ ያደረግሁት የማውቀውን ነው። ጀልባ ከፍ ብላ ከተንገዋለለች ከሆዷ ድንጋይ ይጫናል፤ ዝቅ ትላለች፣ ትረጋለች። ይኼ ለእናንተ አዲስ ሊሆን ይችላል፣ ለጣና ሰው ግን ሀ ሁ ነው። ስለዚህ የኮሮላዬን ኋላ ጥቁር ድንጋይ ሞላሁት። ዝቅ አለች። አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀና ማለቱን አይቻለሁ፣ ግን ወርቄ የምትቀመጠው ከኋላ ነው ብዬ አለፍሁት። ጽዋውን መፈተኛ ብዬ አንድ ጣሳ ውኃ እስከ አፉ ሞልቼ ጭኔ መሃል ያዝሁና ተነሳሁ።

እንዴት ያለ አካሄድ ነበር መሰላችሁ። አስፋልቱ ላይ እንደ ጧት ጣና ነው የተንሸራተተችው። ጣሳው ውስጥ ያለው ውኃ ፊቴን ያሳየኛል። ይኼን ያህል ቀላል ነገር ሰው ለምን ጋራዥ ይሄዳል እያልሁ ስገረም ፔዳ በር ደረስሁ። እዚያ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። የፊት እግሮቿ ወጡ፤ ሆዷ ጉብታው ላይ ተኛ፤ የኋላዎቹ አልመጡም። ኮሮላዬ ደረቅ መሬት እንደያዛት ጀልባ ሆና ቀረች።

ተማሪዎች ተሰበሰቡ። አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይስባል፣ ሦስቱ ፎቶ ያነሳሉ። ትራፊክ ፖሊሱ መጣ።

«አባባ፣ ምን ጭነው ነው?»

«ድንጋይ።»

«ለግንባታ ነው?»

«ለክብደት ነው።»

«የምን ክብደት?»

«ዝቅ እንድትል ብዬ ነው።»

ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን ሆድ አየ። «ድንጋዩን ሲያወርዱትስ?»

«ከፍ ትላለች።»

«እንግዲያው እዚሁ ያውርዱትና ከፍ ትበል» አለኝ። ሊቀጣኝ ይገባው ነበር፣ አልቀጣኝም። የጣሳው ውኃ በሙሉ ሱሪዬ ላይ ፈስሶ ነበርና እሱን አይቶ ነው መሰለኝ ያዘነልኝ። እኔም ውኃ ነው ብዬ አላስረዳሁትም፤ ባስረዳው ይቀጣኝ ነበር።

ተማሪዎቹ ድንጋዩን ተረዳድተው ከመንገዱ ዳር ደረደሩልኝ። አሁንም በዚያ በኩል ስታልፉ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሻይ የሚጠጡ ተማሪዎች ካያችሁ ድንጋዩ የኔ ነው። ይቀመጡበት።

ቀጥዬ የሄድሁት ሳሚ ዘንድ ነው። ሳሚ ከሰፈራችን በላይ ጋራዥ ያለው ጎልማሳ ነው። አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ተመልሷል፤ ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ሁሉ ለሱ ፋዘር ነው።

«ፋዘር፣ ይስሙኝ» አለኝ ከመኪናዬ ሥር ወጥቶ። «ሞላውን ብቆርጠው ዝቅ ትላለች። ግን ታንገጫግጫለች። ይኼ ለከባድ ጭነት የተሠራ ሞላ ነው፤ ባጠረ ቁጥር ይጠነክራል።»

«የሚወላውለው ረጅም እንጨት ነው፤ አጭር እንጨትማ ይረጋል» አልሁት።

«እንጨት አይደለም እኮ፣ ፋዘር።»

«አንተ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሠላሳ አራት።»

«ቁረጥ።»

ራሱን አከከ። ልጁ ሁለት ጊዜ ነግሮኛል፤ ለዚህ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ነገር ግን ውኃ ላይ መሪ ይዞ የኖረ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ አይዞርም፤ ከዞረ ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጣለች። መሬት ላይ ማዕበል እንደሌለ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሳሚ አራቱንም ሞላ ቆረጣቸው።

መኪናዋ ዝቅ ስትል ሳይ ኩራቴን አትጠይቁኝ። ቤት ይዣት መጥቼ ወርቄን ጠራኋት። በሩን ከፈተች፣ አየች፣ በርጩማ ሳትፈልግ እንደ አልጋዋ ጠርዝ ቁጭ አለችባት። ሳቀችልኝ። ለስንት ወር ያላየሁት ሳቅ ነው። በዚያው ሰባታሚት እህቷ ዘንድ እንሂድና መንገዱን እንየው ተባባልን።

አሁን ስለዚያ መንገድ ምን ልበላችሁ? ጠጠር ሲገጥመን የጠጠሩን ጠርዝ እንቆጥራለን። እግረኛ የጣለው የሸንኮራ ልጣጭ ሲገጥመን እናውቀዋለን። ወርቄ አንድ እጇን ወገቧ ላይ፣ አንድ እጇን ጣሪያው ላይ አድርጋ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጎማ አለን ወይስ በመሬት እየተጎተትን ነው?» አለች። የበለጠ ልትናገር ነበር፣ ምላሷን ነክሳ ተወችው።

እህቷ እንግዳ መጣ ብላ አንድ ጀሪካን እርጎ ሰጠችን። ስንመለስ እኩል መንገድ ላይ ወርቄ፣ «አቁም» አለችኝ። አቆምሁ። ወረደችና በዚያ ጉልበቷ በእግሯ መሄድ ጀመረች። እኔም መስኮቱን ዝቅ አድርጌ በእርምጃዋ ልክ ከጎኗ እየነዳሁ እለምናለሁ።

«ወርቄ፣ ግቢ።»

«በእግሬ ይሻለኛል።»

«ጉልበትሽ ይብሳል።»

«ጉልበቴን የማውቀው እኔ ነኝ። ይኼኛው ያልታመመውንም ነው የሚያመው።»

ከወዲያ አንድ ጥምጥም ያሰሩ ቄስ ይመጡ ነበር፤ ቆም ብለው አዩን። «ምነው ልጆቼ፣ በዚህ ዕድሜ መጣላት ምን ይሉታል?» አሉ። እኔን ልጄ ካሉኝ ዕድሜያቸውን እናንተው ገምቱት።

«አልተጣላንም አባ፣ መኪናው ነው» አልኋቸው።

«እንግዲያው መኪናውን ሽጡና ታረቁ» ብለው መስቀል አሳልመውን አለፉ።

ምክሩ መጥፎ አልነበረም። እኔ ግን ግትር ነኝ።

ወርቄ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ተመልሳ ገባች። ቤት ስንደርስ የጀሪካኑን ክዳን ከፈተችና፣ «ና እይ» አለችኝ። እኔም ሄጄ አየሁ። እርጎው ላይ ጡጫ ጡጫ የሚያክል ቅቤ ተንሳፍፏል። ሌላዋ ሴት ጧት ተነስታ ቅሉን ስትንጥ የምታመጣውን ቅቤ እኔ በኮሮላ ንጬ አመጣሁት። እርጎ ጫንን፣ ቅቤ አወረድን። ወርቄ አንዱን ጉብታ አንስታ አናቷ ላይ አደረገችና፣ «ላመጣህብኝ ራስ ምታት መድኃኒቱን አብረህ አምጥተሃል» አለችኝ። ከዚያ ገብታ ተኛች።

በማግስቱ ወሬው ሰፈሩን ሞልቶ ነበር። ሰው ሁሉ ሞላ አዋቂ ሆነ። ጎሚስታው ጎማውን ትንሽ አስተንፍሰው አለኝ፣ አስተነፈስሁት፤ መሪው እንደ እልኸኛ በሬ አልዞርም አለኝ፣ መልሼ አስነፋሁት። ጎረቤቴ መቀመጫው ላይ ፍራሽ አንጥፍ አለኝ፣ አነጠፍሁ፤ ወርቄ ገብታ ስትቀመጥ ራሷ ጣሪያውን ነካ። አንዷ ጎረቤት ደግሞ እስክንወጣ ጠብቃ፣ «ቅቤ የምትንጡ ከሆነ እኔም አንድ ጀሪካን አለኝ» አለች። ማኅበሩ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ወርቄ ስለ ጽዋው ማውራት አቆመች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

መጨረሻ ላይ ሐጂ ኑሩ ዘንድ ሄድሁ። ሐጂ አሮጌ የመኪና ዕቃ ይነግዳል፤ አባቱም ነጋዴ ነበር፣ ልጆቹም ነጋዴ ናቸው። በወጣትነታችን ዕቃውን በጀልባ ያመላለስሁለት ወዳጄ ስለሆነ እኔን ለመሳደብ ፈቃድ አይጠይቅም። ጎንበስ ብሎ ከጎማው በላይ አየ።

«አንተ ሰው፣ ውኃው ላይ ብትቀር ይሻልህ ነበር» አለኝ።

«ስድቡን ተወውና መፍትሔውን ንገረኝ።»

«ይኼ ሞላ የሷ አይደለም። የከባድ መኪና ነው። ሲያለብሷት ረዘመባት፤ አንተ ደግሞ ልብሱን ማውለቅ ሲገባህ ከጉልበቱ ቆረጥኸው። የራሷ ሞላ ቀጠን ያለ ነው፣ ዝቅም ያደርጋታል፣ ይለሰልሳልም። ወደ ተወለደችበት ብትመልሳት ሌላ ነገር አያስፈልግህም ነበር።»

«እሱን ስጠኝ እንግዲያ።»

ብረታ ብረቱን ገለባብጦ አንድ አቧራ የጠጣ ሞላ አወጣ። አንድ ብቻ። «አንድ ዓይና ነው» አለኝ። «ሦስት አቻ ያስፈልገዋል። ይዘኸው ሂድ፤ አቻውን ስታገኝ በዚህ ታመሳክረዋለህ።»

«ከየት ነው የማገኘው?»

«እሱን አላህ ያውቃል።»

ያን ቀን ሙሉ ያችን ሞላ ታቅፌ ከተማውን ዞርሁት። ጋራዥ አልቀረኝም፣ የብረት ክምር አልቀረኝም። ያገኘሁት ሁሉ ወይ ወፈረ፣ ወይ ረዘመ፣ ወይ ተሰብሯል። አመሻሽ ላይ ቤት ገብቼ ሞላዋን ደጃፉ ላይ አስቀመጥሁና በርጩማው ላይ ተቀመጥሁ። ለወርቄ ምን ብዬ እንደምነግራት አስባለሁ። ጥሩዬ ጽዋውን ስትቀበል ይታየኛል። ወርቄ ከጓዳ ስትወጣ ዓይኗ ደጃፉ ላይ አረፈ።

«ማቶቴን ማነው ያወጣብኝ?»

ማቶት ማለት፣ ለማታውቁት፣ እንስራ እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚደረግ ክብ ማስቀመጫ ነው።

«የምን ማቶት?» አልኋት።

«ይኸው እግርህ ሥር ያለው። እንስራዬን ደፍተኸዋል ማለት ነው። አንተ ሰውዬ፣ በቁሜ ልትቀብረኝ ነው?»

«ይኼ ሞላ ነው፤ ሐጂ ነው የሰጠኝ።»

«ሐጂ የኔን ማቶት ከየት አመጣው?»

እሷ ወደ ጓዳ ተመለሰች፣ እኔም ተከተልኋት። ሦስት እንስራ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። አንዱም አልተደፋም። ወርቄ ግራ ተጋብታ ቆመች። እኔ ተንበረከክሁና የመጀመሪያውን እንስራ ሥር ዳበስሁት። ክብ ብረት ነው። አፈሩን በጣቴ ጫር አደረግሁት፤ ሌላ ክብ ብረት መጣ። ጫርሁት፤ ሌላ መጣ። በሆዴ ተኛሁ።

«ወርቄ፣ ይኼን ከየት አመጣሽው?»

«አንተ አይደለህ በጆንያ ያመጣህልኝ? ከመሬት ቀበር አድርጌ እንስራ አስቀመጥሁበት። ለዚሁ አስበህ ያመጣኸው መስሎኝ ነበር።» የእንስራውን አፍ በመዳፏ ጠረገች። «ሳልጠይቅህ ያመጣህልኝ ዕቃ በትዳራችን እሱ ብቻ ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ተኝቼ ቀረሁ። የነጋዴው ጆንያ። «የራሷ ዕቃ ነው፣ ቤት ይቀመጥ» ነበር ያለኝ፤ ይኸው ቤት ተቀምጧል። ከተማውን ሙሉ የዞርሁለት ብረት ከራስጌዬ ግድግዳ ጀርባ ጠላ ተሸክሞ ሲጠብቀኝ ከርሟል።

«አራት መሆን ነበረበት። አራተኛውስ?» አልኋት።

በአገጯ ወደ ጥጉ አሳየችኝ። አሮጌ ቅርጫት ጉንዳን እንዳይደርስበት ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ቅርጫቱ ውስጥ አንዲት ቀይ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋለች። ቅርጫቱ የተቀመጠው ሞላዬ ላይ ነው። እጄን ስዘረጋ ዶሮዋ አንገቷን አስረዝማ አየችኝ።

«እሷን እንዳትነካት፣ ልትፈለፍል ነው» አለች ወርቄ።

መንካትም አላስፈለገኝም። ሦስቱ ከእንስራው ሥር፣ አንዱ ከደጃፉ ላይ። የሐጂ አንድ ዓይና አቻዎቹን አገኘ። ወርቄ እንስራዎቹን ጭድ ላይ አጋደመቻቸው፤ እኔ ቆፍሬ አወጣሁ። ልብሴ አፈር ለበሰ፣ ልቤ ግን ከወራት በኋላ ያን ዕለት ነው የተመለሰልኝ።

በማግስቱ ሳሚ ብረቱን በናፍጣ አጠበው፣ ቦረሸው፣ አየው።

«ፋዘር፣ ይኼን የት ደብቀውት ነው?»

«ሚስቴ ጠላ ታስቀምጥበት ነበር።»

አልሳቀም። ለመሳቅ ጊዜ እንደሌለኝ ፊቴ ላይ አይቷል። አራቱንም አስገባ፣ መኪናዋን ከክሪኩ አወረዳት። በመዳፉ አፍንጫዋን ተጫናት፤ ዝቅ አለች፣ ቀና አለች፣ ቆመች። እንደገና ተጫናት፤ ዝቅ፣ ቀና፣ ቁም። እንደ ጨዋ ልጅ።

«ግን ፋዘር፣ ይኼ ዝቅ ማለት አይባልም። ልኳ ነው እኮ» አለኝ ቅር እያለው።

«የፈለግሁት ልኳን ነው» አልሁት። «ልኳን ስለማላውቀው ነው ዝቅ አድርጋት ያልሁህ።»

የማኅበሩ ቀን ወርቄ ነጭ ለብሳ ወጣች። በሩን ራሷ ከፈተች፣ ተቀመጠች፣ እግሮቿን አንድ በአንድ አስገባች። ስንሄድ ወገቧንም ጣሪያውንም አልያዘችም። ሰባታሚት ደርሰን እሷ ወደ ውስጥ ገባች፣ እኔ ከሴቶቹ ባሎች ጋር ጥላ ሥር ተቀመጥሁ። የቀረበልኝን ጠላ አልጠጣሁም። ስንመለስ አንድ ጠብታ ከፈሰሰ ጠጥቶ ነው የነዳው እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።

ጸሎቱ አበቃ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ወርቄ ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። በነጭ ነጠላ ተሸፍኗል። ከኋላዋ ወይዘሮ ጥሩዬ።

«ልሸኛት ብዬ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። «ብቻዋን ጽዋ ይዛ አትሄድም። ድንገት እንኳ ቢፈስ ብዬ መጥረጊያም ይዣለሁ።»

እውነትም አንድ ጨርቅ ይዛለች። ከፊት ገብታ ወደ ወርቄ ዞራ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ከጽዋው ላይ አይነሳም።

ነዳሁ። ዕድሜዬን ሁሉ ጀልባ ስነዳ እንደዚያ አልነዳሁም። ኮረኮንቹን አለፍን፤ ሽፋኑ አልረጠበም። አስፋልት ገባን። «ይኼ መኪና ተቀየረ?» አለች ጥሩዬ። «የድሮው ነው» አለች ወርቄ። ከዚያ ያ የፔዳ በሩ ጉብታ መጣ። ጣና ላይ ማዕበል ሲመጣ ሰያፍ ነው የሚወጣ፤ እኔም መሪዬን ሰያፍ ያዝሁ።

«ቀጥ ብለህ ሂድ» አለች ወርቄ ከኋላ።

«ማዕበል ቀጥ ተብሎ አይወጣም።»

«ይኼ አስፋልት ነው። ቀጥ በል።»

ግማሽ መንገድ ላይ እንደማልዞር ነግሬአችኋለሁ። ያን ቀን ዞርሁ። መሪዬን አቃናሁ። ኮሮላዬ ጉብታውን ወጣች፣ ትንፋሽ ያህል ቆየች፣ ወረደች። ዝቅ፣ ቀና፣ ቁም። ጥሩዬ እጇን ዘርግታ የነጠላውን ጫፍ ገለጥ አደረገች፣ አየች፣ መልሳ ሸፈነችው።

«ሙሉ ነው» አለች ቀስ ብላ። ጨርቁን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ቤት ደረስን። ወርቄ አንድ እግሯን መሬት አደረገች፣ ከዚያ ሌላውን፣ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሁለት እጇ ከጽዋው ላይ አልተነሳም። እኔ ልደግፋት ብዬ ስሮጥ በርጩማዬን ከደጃፉ አላነሳሁትም ኖሮ አደናቀፈኝና በግንባሬ ተደፋሁ። ወርቄ በጎኔ ዞራ አለፈችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ተነስ፤ ጽዋ ገብቷል» አለችኝ። ደስ ብሏት እንደሆነ በድምፅዋ ለየሁት።

ወይዘሮ ጥሩዬ በጨርቋ የኔን አቧራ ጠረገችልኝ። ደግ ሴት ናት አላልኋችሁም?

በማግስቱ ጧት፣ ዶሮዋ ሳትነሳ፣ ሳሚ ዘንድ ሄጄ የተቆረጡትን ሞላዎች አመጣሁ። ሦስቱን ከጓዳው ጉድጓዶች ቀብሬ እንስራዎቹን አስቀመጥሁባቸው። ለመኪና ያጠረው ለእንስራ ልክ ሆነ። ሦስተኛው ብቻ አቆራረጡ ጠማማ ነበርና እንስራው ወደ ሰባታሚት በኩል ዘመም አለብኝ። መጋዝ አነሳሁ፣ የበርጩማውን አንድ እግር ቆረጥሁ፣ ከሥሩ ሽብልቅ አደረግሁለት። ቆመ።